ሊሄድ ለፈለገ ሰው ዋስ መሆን

እስረኛ ስለ ነፃነት ያስባል ይባላል። ውሸት ነው። እኛ ሸዋ ሮቢት ታስረን የምንከራከረው ስለ ናይሮቢ የቤት ኪራይ ነበር። ነፃነት የሚለውን ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው እንኳን ሲያነሳ አልሰማሁም። ቃሉን አዘውትሬ የምጠቀምበት እኔ ነበርኩ፤ እሱም ቤቴ ተቀምጬ መጣጥፍ ስጽፍ ነው።

የታሰርኩበትን ምክንያት ልናገርና ልገላገል፤ ለጀግንነት የሚበቃ አይደለም። በከተማው አዳራሽ የሰላም ስብሰባ ተጠራ። ከመድረኩ የቆመው ባለሥልጣን በአካባቢያችን ምንም ዓይነት ስጋት እንደሌለ ረጅም ጊዜ ወስዶ አስረዳን። ጥያቄ ያለው ካለ ሲል እጄን አወጣሁ። ስጋት ከሌለ በር ላይ የቆሙት ሁለት ፒክአፕ ሙሉ ታጣቂዎች ማንን እየጠበቁ ነው አልኩ። ሰው ሳቀ። እዚያ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። አልተቀመጥኩም።

"እኔ ስጋት አለብኝ" አልኩ። "የደብረ ሲናን መንገድ ማለዳ ክፍት ነው ብለን ወጥተን ከሰዓት ተዘግቶ የቀረንበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጄን ትምህርት ቤት ልኬ እስክትመለስ በር ላይ ስቆም የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህ ስጋት ካልሆነ ስሙን ንገሩኝ።"

ስሙን የነገሩኝ በማግስቱ ነው። የፎቶ ኮፒ ሱቄን ስከፍት ሁለት ፖሊሶች መጡ። "ጋሼ፣ ለአጭር ጥያቄ ነው" አሉኝ። በአገራችን ከአጭር ጥያቄ የሚረዝም ነገር የለም። የጠየቀኝ መኮንን ወጣት ነው፤ ሸሚዙ በሙቀቱ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

"ስጋት አለብኝ ብለሃል?"

"ብያለሁ።"

"ማን ነው ያሰጋህ?"

"እስከ ትናንት ድረስ በትክክል አላውቅም ነበር።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ "ስጋት በመንዛት" ብሎ ጻፈ። ስጋት የለም በተባለበት ከተማ ውስጥ ስጋት የምነዛው ከየት አምጥቼ እንደሆነ ልጠይቀው አሰብኩ። እዚህ ላይ ግን ዝም አልኩ። እድሜ ያስተምራል፤ ትንሽ ዘግይቶ ነው እንጂ።

የወሰዱኝ ማቆያ ከዚያ በፊት የሽንኩርት መጋዘን ነበር። ሽንኩርቱን አውጥተውታል፤ ሽታውን ግን ትተውልናል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትጠነክር ቆርቆሮው ቋ፣ ቋ ማለት ይጀምራል። ወለሉ ላይ የቀረው የሽንኩርት ልጣጭ ላብ ባለበት ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ተኝቶ የተነሳ ሁሉ የተላጠ ይመስላል። በሩ ላይ ምግብ የሚገባባት አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ነፋስ የምናገኘው ከእሷ ስለሆነ አጠገቧ የሚቀመጠው በተራ ነው።

ተራውን የሚያዝዘው የክፍሉ ካቦ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር። በኬላ ላይ "ከየት ነህ?" ሲሉት "ከመሪው ጀርባ" ብሎ መልሶ ነው የገባው። ከእሱ ቀጥሎ ያሉት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ከቀወት ወረዳ። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ጥፋታቸው በደጃቸው ላለፉ ታጣቂዎች ውሃ መስጠት ነው። የትኞቹ ታጣቂዎች እንደሆኑ ሲጠየቁ፣ "አፋቸው መድረቁን እንጂ ልብሳቸውን አላየሁም" ብለዋል። ሌሎችም ነበሩ፤ ክርክሩን የሚመሩት ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ክርክሩ የት አገር እንደሚሻል ነው። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ስደርስ ተጋግሎ ነበር።

"ጅቡቲን ለእኔ ተዉልኝ" ይላል ሾፌሩ። "ስንት ዓመት የተመላለስኩበት ነው። ጅቡቲ ማለት ሸዋ ሮቢት ነው፤ ማንጎውን ቀንስና ባሕር ጨምርበት።"

"ባሕሩ አያቀዘቅዝም?" አሉ አባባ።

"እሱም ላብ ነው አባባ።"

"ሱዳንስ?"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። "ሱዳኖቹ እኮ ወደ እኛ እየሸሹ ነው!"

"እኛስ?"

"እኛ ወደ ኬንያ።"

"እንዲያ ከሆነ" አሉ አባባ ጺማቸውን እያሻሹ፣ "መንገድ ላይ ሰላም እንባባላለን፣ ኢንሻአላህ።"

የኬንያ ሊቅ እኔ ነበርኩ። የትኛው ሰፈር ውሃ እንደማይጠፋ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የተገኘ የት እንደሚያዝ፣ እንጀራ የሚሸጡት ሴቶች የት እንደሚቆሙ አስረዳኋቸው። ናይሮቢን አይቻት አላውቅም። የማውቀው ሁሉ በስልክ ከሚስቴ የሰማሁት ነው። ልጃችንን ይዛ የሄደችው ከመታሰሬ ሁለት ወር ቀደም ብላ ነው፤ ለጎረቤት የነገርነው እህቷ አራስ ስለሆነች ልትጠይቅ ነው ብለን ነው። እህትየው መውለዷ እውነት ነው። ሚስቴ ግን አትመለስም። እኔ ሱቁን ሸጬ በሞያሌ በኩል ልከተላት ነበር። ገዢ እየፈለግሁ ሳለ ነው ያ ስብሰባ የተጠራው።

አንድ ጠዋት፣ ምግብ በሚገባበት ሰዓት፣ መስኮቷ ላይ የጎረቤቴ ፊት ብቅ አለ። ሐጂ ነው የምላቸው። ሸቀጣሸቀጥ ቤታቸውና ቤቴ በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ፤ እሳቸው ሲያስሉ እኔ ይማርዎት እላለሁ። እኔ ጸጉሬ ሸብቷል፤ እሳቸው አሁንም አንተ ልጅ ይሉኛል።

"አንተ ልጅ፣ ዛሬ ትወጣለህ" አሉ፤ በፌስታል የያዙትን ሳምቡሳ እያቀበሉኝ። "ዋስ ካለው ይውጣ ብለዋል። የሱቄን ንግድ ፈቃድ ይዤ መጥቻለሁ።"

ዋስ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር የሚጠይቅ የለም። የታሰረው ከጠፋ ዋሱ በእግሩ ይተካል፤ ሱቁም ይታሸጋል። ሐጂ ስኳር አለባቸው። መጋዘኑን ዞር ብዬ አየሁት። ተራ ጠባቂዎቹ፣ ልጣጩ፣ የሚንቋቋው ቆርቆሮ። እዚያ ቁጭ ብለው ታዩኝ።

"ሐጂ፣ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ።"

"በኋላ ትነግረኛለህ።"

"ከወጣሁ እሄዳለሁ። ሚስቴ ለአራስ ጥየቃ አልሄደችም። ሱቄን ልሸጠው ነው።"

የሐጂ ፊት ሲቀላ አየሁ።

"ለምን ነገርከኝ?"

"እንዲያውቁት ብዬ ነዋ።"

"ልወቅ ብዬ ለመንኩህ? ሳላውቅ ብፈርም ኃጢአቱ ያንተ ነበር። አሁን ያ መኮንን ልጅ 'ይሸሻል ወይ?' ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? ወላሂ አይሸሽም ልበል? ከመካ መልስ፣ በዚህ እድሜዬ፣ በአንተ ምክንያት በውሸት ልማል?"

"ዝም ብል ይሻል ነበር?"

"አዎ! አንተ ሰውዬ አንድ ቀን ዝም ብትል ምን ትሆናለህ? ስብሰባው ላይስ ማን ተናገር አለህ?" ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። ሳምቡሳው እጄ ላይ ቀረ፤ ገና ትኩስ ነው።

ሾፌሩ ሁሉንም ሰምቷል። በዚያ ክፍል የማይሰማ ነገር የለም።

"ጋሼ፣ በጤናህ ነው? ሰውየው በር ሊከፍትልህ መጣ፤ አንተ አፍንጫው ላይ ዘጋህበት።"

"ደግ አደረገ" አሉ አባባ ከጥጋቸው። "ሳይነግሩ ማስፈረም ስርቆት ነው።"

"እርስዎ ደግሞ! ውሃ ሰጥተው የታሰሩ ሰው ምክር ይሰጣሉ?"

"ውሃውን ባልሰጥ ኖሮ ደግሞ በነፈግኳቸው እታሰር ነበር። አንዱን መምረጥ ነው። ይልቅ ሳምቡሳው ሳይቀዘቅዝ አምጡት፤ ምስር ከሆነ ሁላችን እንበላዋለን።"

ምስር ነበር። በላነው። እውነት ተናግሮ ሌሊቱን በሰላም የሚተኛ ሰው አለ ይባላል፤ እሱም መጋዘን ውስጥ ተኝቶ አያውቅም። በቀጣዮቹ ቀናት ጀርባዬን ብሎኬቱ ላይ አስደግፌ ራሴን ስሰድብ ነበር። ዝም ብል ኖሮ አሁን ሞያሌ ነኝ፤ ሐጂም እዚህ ናቸው። ሁለተኛው ሐሳብ ሲመጣ ስድቡን አቆማለሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ልጄ ትዝ ትለኝና እቀጥላለሁ።

ሐጂ ተመልሰው መጡ። ሰላምታ የለም፤ ሳምቡሳም የለም።

"አስቤበታለሁ" አሉ። "ልሂድ ማለትህን አልከለክልህም። እኔም ልጆቼ ባይኖሩ … እሱን ተወው። ግን ካወጣሁህ በኋላ ሁለት ነገር ታደርጋለህ። በእኔ ቦታ የሚቆም ሌላ ዋስ ሳታመጣ ከዚህ ከተማ እግርህን አታነሳም። ያንን ዋስ ደግሞ ለእኔ እንደነገርከኝ አድርገህ ትነግረዋለህ።"

"ከነገርኩት ማን ዋስ ይሆነኛል?"

"እሱ የአንተ ጣጣ ነው። ማል።"

"እሺ ብያለሁ እኮ፣ ሐጂ።"

"እሺ የቢሮ ቃል ነው። እጄን ምታ።"

መዳፋቸውን በመስኮቷ አስገቡ። ጠባብ ስለሆነች እጃቸው እስከ አንጓቸው ብቻ ነው የገባው። መታሁት። ከኋላዬ ሾፌሩ፣ "በቃ፣ ኬንያ ተዘጋች" ሲል ሰማሁ።

ከሰዓት ወደ መኮንኑ ቢሮ ወሰዱኝ። ሐጂ ቀድመው ተቀምጠዋል፤ ንግድ ፈቃዳቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። አንድ የግድግዳ ማራገቢያ ግራና ቀኝ እየዞረ ለሁላችንም በየተራ ሙቅ አየር ያከፋፍላል።

"ሐጂ፣ ይህ ሰው ከአገር የመውጣት ሐሳብ እንዳለው መረጃ አለን።"

"አለው" አሉ ሐጂ።

የመኮንኑ እስክሪብቶ ቆመ። "አለው ነው ያሉኝ?"

"ወላሂ አለው። ሚስቱ እዚያ፣ ልጁ እዚያ። ምን ይሁን? ያንተ ወንድም የት ነው ያለው?"

መኮንኑ ወደ በሩ አየ። በሩ ተዘግቷል። "ጁባ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሥራ አግኝቶ ነው።"

"አላህ ይርዳው። ይኸኛውም መሄድ ይፈልጋል። ግን አይሄድም፤ እጄን መትቷል።"

"ዋስትናው ይህ ነው?"

"የሱቄን ወረቀት ይዘሃል፤ እሱ ለአንተ ነው። ይኸኛው ለእኔ ነው።"

መኮንኑ ለረጅም ጊዜ ከወረቀቱ ጋር ተፋጠጠ። የሚሸሽ ሰው እንደማይሸሽ የሚገለጽበት ሣጥን ቅጹ ላይ አላገኘ ይሆናል። በመጨረሻ አስፈረማቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ ደግሞ ስጋት የለብኝም በልና ሂድ።"

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሚመጣውን ያወቁት ይመስለኛል። ማለቱ ቀላል ነበር፤ ሁለት ቃል ነው፤ ከሦስታችን በቀር የሚሰማው የለም። የሽንኩርቱ ሽታ ነው ወይስ ግትርነቴ፣ ቃሉ አልወጣልህ አለኝ።

"ስጋት አለብኝ" አልኩ። "ዋስም አለኝ።"

ማራገቢያው አንድ ዙር ዞረ።

"ውጣ" አለ መኮንኑ። "ሐጂ፣ ይውሰዱልኝ ይህን ሰውዬ።"

ባጃጅ ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ ሐጂ፣ "ሳሙና አለህ?" አሉኝ። "ሱቅ ግባና ውሰድ፤ ትሸታለህ።"

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ፋይሌ አልተከፈተም፤ አልተዘጋም። መኮንኑ ተዛውሯል፤ የተተካው ስለ እኔ ሲጠየቅ "በሂደት ላይ ነው" ይላል። መንገዱ ዛሬም ይከፈታል፣ ይዘጋል። አባባ ወጥተው ማሽላቸውን አጭደዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጄ ስዋሂሊ ተምራለች፤ በስልክ ስታወራኝ አንዳንዱ ቃል አይገባኝም። ሚስቴ መጀመሪያ መቼ ነው የምትመጣው ትለኝ ነበር። አሁን ምን በላህ ነው የምትለው።

ሌላ ዋስ ፈልጌ ነበር። ሐጂ ራሳቸው ሳይቀሩ ፈልገውልኛል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሺ ይላል፤ እንደምሄድ ስነግረው ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል። አልፈርድበትም። "አትንገረው፣ እኔ አልሰማሁም" ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሚስቴ ናት። ሐጂ ግን ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ባሻገር ሲያስሉ ይሰማኛል።

ከሁሉ የሚያሳርረኝ ሌላ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች እጄን ይጨብጡና፣ ሁሉም ሲሰደድ አንተ አገርህን መረጥክ፣ ኮራንብህ ይሉኛል። አንዱ እንዲያውም ስለ አገር ፍቅር እንድናገር ስብሰባ ጋብዞኛል፤ በዚያው አዳራሽ። አገሬን አልመረጥኩም። ከአደጋ ትጠብቀኛለች ብዬም አላምንም። የያዘኝ የአንድ ሽማግሌ መዳፍ ነው፤ እሱን ደግሞ የመታሁት ከመጋዘን ለመውጣት ብዬ ነው። ይህንን ስነግራቸው ትሕትና ይመስላቸዋል።

ስለዚህ አንተ አንባቢ፣ በሸዋ ሮቢት ሱቅ ወይም ቤት ካለህ፣ ወረቀትህን ይዘህ ና፤ ሐጂን ተካልኝ። እንደምሄድ ነግሬሃለሁ፤ ስሄድ የሚጠሩት አንተን ነው። ካልመጣህ ደግሞ አልቀየምህም፤ ብቻ እባክህ አገሩን ስለሚወድ ቀረ አትበለኝ።