ሦስቱ የግራ ቅንድቦች

ሠዓሊው ጨርቁን ሲገልጥልኝ መጀመሪያ ያየሁት የመካከለኛውን የግራ ቅንድብ ነው። ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ የሚነገረውን ሳያምን ዝም ብሎ እንደሚያዳምጥ ሰው። በስተቀኝ ያለውን አየሁ፣ ያው ነው። በስተግራ ያለውን አየሁ፣ ያው ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጢማቸውን ለቀው፣ ቀኝ እጃቸውን ለቡራኬ አንስተው፣ በሟቹ ባለቤቴ ቅንድብ ቁልቁል ያዩኛል።

ያምራል አልኩትና ውሃ ለመንኩት። ሠዓሊው የሚሠራው በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ቪላ ጀርባ፣ ድሮ መኪና ይቆምበት በነበረ ክፍል ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲያጣ የሱቅ ታፔላና የባጃጅ ጀርባ ይጽፋል። ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ ከማመላለስ በቀር የሚሠራው ነገር የለም። ውሃውን ጠጥቼ ወጣሁ። በሩ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ጥቂት ቆሜ ተመልሼ ገባሁ። አየሁ። እንደገና ወጣሁ። ሠዓሊው ሐዘንተኛ ሴት ናት ብሎ ይሆናል፣ ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

ሥዕሉን ያዘዝኩት ለባለቤቴ ሙት ዓመት ነው። በደብራችን ሴቶች በሚቆሙበት በኩል አንድ ባዶ ግድግዳ አለ። የንስሐ አባቴ ለነፍሱ መታሰቢያ ሥላሴን ባሠራለት መልካም እንደሚሆን ነገሩኝ። የድሮ ልማድም አለ፤ ሥዕሉ የተሰጠለት ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ፣ ከክንድ ባነሰ ቁመት፣ ስሙ ከጎኑ ተጽፎ ይሣላል። ስለዚህ ለሠዓሊው ፎቶግራፍ ሰጠሁት። ባለቤቴ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ለጡረታ ደብተሩ የተነሣው ነው። ስሰጠውም አደራ አልኩት፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታዩ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ እንደሚሣል ከተማው ሁሉ ያውቃል። ልጄ ይህን ስነግራት ሳቀች። “አባዬማ በአንድ ዓይኑ ቢሣል ማን ይገረማል?” አለችኝ። እኔም ያን ጊዜ አብሬያት መሳቅ ነበረብኝ፤ አልሳቅሁም።

ሥዕሉን የፈለግሁበት ሌላ ምክንያት ግን ነበረኝ፤ ያንን ለማንም አልተናገርኩም።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ አልጋ በላይ የሥላሴ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። የታተመ ነው፤ ጠርዙን ፀሐይ አንጥቶታል። ሦስት እኩል ሽማግሌዎች፣ በአራቱ ማዕዘን የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር ፊት ያላቸው እንስሳት። ከአንበሳው ይልቅ ላሟን እፈራ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሦስቱ መካከለኛውን መርጬ እሱን ነበር የማናግረው። በሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ስናገር መምህራችን ጆሮዬን ያዙ። ሦስቱም እኩል ናቸው፣ ታላቅና ታናሽ፣ የመካከልና የዳር የሚባል የለም፣ ሥዕሉም ለአብርሃም የመጡትን እንግዶች እያሰቡ አባቶች ለእኛ ድካም የሠሩት ምሳሌ እንጂ የእግዚአብሔር መልክ አይደለም አሉን። ገባኝ። አድጌም መምህር ሆኜ ለልጆች ያንኑ አስረድቻለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ የመጣልኝ ያው መካከለኛው ነው።

ባለቤቴ ሲሞት ያ ፊት ጠፋ። ደረቱን ያመው ነበር። ምነው ስለው፣ ጨጓራዬ ነው እያለ ወተት ይጠጣል። በመጨረሻ ሆስፒታል ስንገባ ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴ እኔን አየኝ፤ ያ የግራ ቅንድቡ ከፍ አለ፤ ወደ ሐኪሙ ዞሮ ሰባት ወር ይሆነዋል አለ። ሰባት ወር በአንድ አልጋ ተኝተናል። ከዚያ በኋላ የኖረው አሥራ አንድ ቀን ነው፤ ምክንያቱን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም፤ ሊጠይቀው የሚመጣውም ሰው ብዙ ነበር። ከተቀበረ በኋላ ለጸሎት ስቆም ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ የተለሰነ ግድግዳ ነው። ግድግዳ ፊት ቆሜ አቡነ ዘበሰማያትን እደግምና እቀመጣለሁ፤ እነሣለሁ፤ እንደገና እቀመጣለሁ። አዲስ ሥዕል ቢሠራ ፊቱ ይመለስልኛል ብዬ አሰብኩ። የተመለሰው የማን ፊት እንደሆነ ቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።

ሥዕሉን ባየሁ ማግስት ልጄን ከኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራዋ ስትወጣ ጠብቄ ወሰድኳት። ምንም ሳልነግራት እዪው አልኳት። ተሳለመች፣ ቀለሙ ደስ ይላል አለች። ፊታቸው ማንን ይመስላል አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። “ሥላሴን ነዋ እማ።” ቅንድቡን አሳየኋት፤ እቅፍ አድርጋኝ እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሠዓሊውም ነገሩን ሲሰማ ትንሽ ተቀየመ። እሱ ከአባቶቹ የተማረውን መልክ ነው የሣለው፣ የሰው ፊት በሥላሴ ላይ አያደርግም፣ ነውር ነው። የንስሐ አባቴ ከሁለት ቀን በኋላ ሊያዩት መጡ። መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩት፤ ግርማ አለው አሉ። ለእሳቸው አልተናገርኩም። ሦስት ሰው አይቶ ሦስቱም ያላዩትን ነገር እኔ ብቻ ካየሁ፣ ችግሩ ከሥዕሉ እንዳልሆነ ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም።

ግን መሄዴን አልተውኩም። በየቀኑ ምክንያት እፈጥራለሁ። ገበያ ብዬ እወጣና ባጃጁን ወደ ከዚራ አስዞራለሁ፤ ሽንኩርት ሳልገዛ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ሠዓሊው ቀለም ሊገዛ ወጥቶ ብቻዬን ቀረሁ። ዓይኔን ሳልጨፍን ቆሜ መናገር ጀመርኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቃል የቀለለኝ የለም። ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ጉልበቴ ተናገርኩ። ከዚያ ሳላስበው ለምን ደበቅከኝ አልኩ። ደግሜ አልኩ። ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፣ ይዞኝ መጥቶ በሩ ላይ ይጠብቀኝ የነበረው ባጃጅ ነጂ አንገቱን አስግጎ አየኝ። ያን ጊዜ ማንን እያናገርኩ እንደሆነ ገባኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። በሥላሴ ፊት ቆሜ የጸለይኩት ወደ ባሌ ነበር።

በቀጣዩ ቀን ከጎረቤቴ ጋር ወጣን። ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር የኖርን ነን። ባሏ ከባለቤቴ ጋር አንድ ክፍል ሠርቷል፤ በእኛ በዓል ትመጣለች፣ በኢድ እሄዳለሁ። ለልጇ ሠርግ ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ ልትገዛ ስለነበር መንገድ ላይ ሠዓሊው ጋ ጥቂት እንቁም አልኳት። አልገባም አለችኝ። ሥዕል ያለበት ቤት ለእሷ አይሆንም፤ እኔም አላስገድድም። ኒሙ ሥር ቆመች። ግን የሚያዝያ ቀትር ነበር፣ የድሬዳዋን ሚያዝያ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ትንሽ ቆይታ ሻሿን እያራገበች መሬት መሬቱን እያየች ገባችና ቬንትሌተሩ ሥር ተቀመጠች። ሠዓሊው ውሃ ሰጣት። ውሃውን ለመጠጣት ቀና ስትል ዓይኗ ሥዕሉ ላይ አረፈ።

አስተግፊሩላህ ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ መለሰችው።

“አቦ፣ ይሄ የኛ ሰውዬ አይደለም እንዴ?” አለች። “ምን አድርጎ ነው ሦስት የሆነው?”

እንደተናገረች በሻሿ አፏን ያዘች። እኔ ግን ሳቅሁ። ከሆዴ የመጣ ሳቅ ነበር፤ ሐዘን ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እሷም ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች፤ ወላሂ የኔን ባል ሲያዳምጥ እንደዚህ ነበር፣ አንዲት ቃል አያምነውም ነበር፣ አላህ ይማረው አለች። እኛ ክርስቲያኖቹ ነጭ ጢምና የተነሣ እጅ ስናይ ሥላሴ ብለን ተሳልመን ጨርሰናል። እሷ የምትሳለመው ነገር ስላልነበራት ፊቱን አየች።

ሠዓሊው ብሩሹን አስቀመጠ። ከሸራው በላይ በልብስ መቆንጠጫ ያንጠለጠላትን የጡረታ ፎቶግራፍ አየ፣ ሥዕሉን አየ፣ ፎቶግራፏን አወረዳት። ሦስቱ ፊቶች እኩል መሆን ስላለባቸው አንዱን በስስ ወረቀት ላይ ይሠራና ያንኑ ሦስት ጊዜ ይገለብጣል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሳሳተው ሦስት ጊዜ ተሳስቷል። “ዓይኔ ላይ ተንጠልጥሎ ከረመና እጄ ሰረቀው” አለ በቀስታ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ከእኛ ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ ስለሌለ፣ ከፈለግሁ እንዳለ ሊተወው እንደሚችል ነገረኝ።

ባጃጅ ውስጥ ጎረቤቴ ሻሿን አስተካክላ፣ እናንተ ስትጸልዩ ፊት ነው የምታዩት ብላ ጠየቀችኝ። ብዙዎቻችን እናያለን መሰለኝ፣ ባይነገርም አልኳት። እሷስ? እሷ ምንም አታይም፤ አላህ ያያታል፤ ይበቃታል። ታዲያ ስታለቅሺ ወዴት ዞረሽ ታለቅሻለሽ አልኳት። ጥያቄው አስገረማት። “ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነዋ። የት ልዙር?”

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ቁጭ ማለት አቃተኝ። ልብሱን አውጥቼ አጥፌ መልሼ አስገባለሁ። ያጠብኩትን ብርጭቆ አጥባለሁ። ዝም ብል በየሰንበቱ በሴቶች በኩል ቆሜ እሱን አያለሁ፤ ሕዝቡ ይሰግድለታል፤ ማንም አይወስድብኝም። ይህን እንደፈለግሁት የፈለግሁት ነገር የለም። በአራተኛው ቀን ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩና ሁሉንም ተናገርኩ።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። “እኔ ያየሁት ሥላሴን ነው፤ ሕዝቡም የሚያየው ሥላሴን ነው” አሉኝ። “የአንቺ ግን ሌላ ነው ልጄ። እዚያ ቆመሽ ማንን ታናግሪያለሽ?”

“እሱን ነው አባ።”

“ምን ትይዋለሽ?”

“ለምን ደበቅከኝ እለዋለሁ።”

መስቀላቸውን በመዳፋቸው አገላበጡ። ይህን ለባሌም ለእግዚአብሔርም ማለት እንደምችል ነገሩኝ። “ለየብቻቸው ግን” አሉ።

ፊቶቹን እንዲለውጥ ለሠዓሊው ነገርኩት፤ ሲለውጣቸውም አብሬው ነበርኩ። አይምጡ፣ ያዝናሉ ብሎኝ ነበር። አዲስ ስስ ወረቀት ዘረጋና ቅንድቡን አስተካከለ፤ ፊቱ ማንንም የማይመስል ሆነ። እርሳሱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

“እንዴት ላድርገው እናቴ?”

ሃምሳ ዓመት ያነጋገርኩት ፊት ከራሴ ጠፍቶ መልኩን መንገር አቃተኝ። ሽማግሌ ይሁን እንዳልል ሽማግሌ ነው። ደግ ይሁን ማለትም ቀለለብኝ። በመጨረሻ የሚደብቀው ነገር የሌለው አድርገህ ሣለው አልኩት።

“እንደዚያ ያለ ቅንድብ የለም” አለኝ። ግን ዓይኖቹን ጥቂት አሰፋ፤ አፉን ዘጋ። እንደዚያ ሆኖ ሦስት ጊዜ ተገለበጠ። ነጭ ቀለሙ የመጀመሪያውን ቅንድብ ሲሸፍን እዚያው ቆምኩ። ሁለተኛውን ሲሸፍን ወደ ኒሙ ጥላ ወጣሁ። ሦስተኛውን አላየሁም።

በሙት ዓመቱ ዕለት በደብራችን ከጸሎቱ በኋላ የሥዕሉ መጋረጃ ተገለጠ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ከግርጌ ያለው ባለቤቴ ከምቆምበት ሲታይ ማን እንደሆነ አይለይም፤ ነጠላ የለበሰ ትንሽ ነገር ነው። ወደ ላይ ቀና አልኩ። በሦስቱም ፊት ላይ ፈለግሁት፤ የለም። ሦስት የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያዩኛል። ደንግጬ ልወጣ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ታሰበኝ። በእኛ አገር ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ሆነው። ባለቤቴና እኔ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራችን ሽማግሌ አስቀምጠን አናውቅም፤ ኩራት ነበር። ነጠላዬን አጣፋሁ፤ በሽማግሌ ፊት እንደሚቆም ሰው እጄን አጣምሬ ቆምኩ፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ባሌን ከሰስኩት። ወተቱን ተናገርኩ። ሰባቱን ወር ተናገርኩ። በሌሊት ወደ ግድግዳው ዞሮ የሚተኛበትን፣ እኔም ሙቀቱ ነው ብዬ የተውኩትን ተናገርኩ። እዚህ ላይ ቆም አልኩ፤ ይኼኛው የእኔ ጥፋት መሆኑን እስክናገረው ድረስ አላወቅሁትም ነበር።

ሕዝቡ እየወጣ ነው። ልጄ መጥታ ክንዴን ያዘች፤ እንግዶቹ ለዝክሩ ቤት እየጠበቁ ነው አለችኝ።

ቅደሚ፣ ገና አልጨረስኩም አልኳት።