አርባ ካሴት፣ አንድ ጆሮ

ከፍያለው መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ኮምፒውተር ይጠግናል። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ እኔ አሥር ስናገር እሱ አንድ ይመልሳል፣ ይህም ያናድደኛል። ጋይንት ቤተ ልሔም፣ የዜማው ትምህርት ቤት፣ ስድስት ዓመት ድጓ ተምሮ፣ መምህሩን የኔታ ይስሐቅን ሳይሰናበት ጥሎ መውጣቱን የነገረኝ ከተዋወቅን ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው። ለምን ስለው «ሰነፍሁ» አለኝ።

አምና የኔታ ታመው እዚሁ ከተማ ልጃቸው ዘንድ መጡ። ጆሯቸው እየደከመ ነበር፤ ሐኪሙም ከጥቂት ወር በላይ አይሰሙም አለ። የኔታ ከሠላሳ ዓመት በፊት ዜማውን በአርባ ካሴት ቀድተውት ነበር፤ አሁን ግን ካሴቱ አርጅቶ ድምፁን ጫጫታ ውጦታል።

«ጆሮዬ ሳይዘጋ አጥሩና አሰሙኝ» አሉ። «እኔ ሰምቼ ትክክል ነው ያላልሁትን ተማሪ እንዳይማርበት።»

ሥራውን ከፍያለው ማንንም ሳያስቀድም ወሰደው። የኔታ ፊት ግን ቀና ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም ነበር።

ካሴቶቹን ገልብጦ ማጥራት የጀመረው በራሱ ኮምፒውተር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለ ነው፤ ፕሮሰሰሩ አራት ኮር አለው፣ ኮር ማለት እንግዲህ ውስጡ ያለ አንድ ሠራተኛ በሉት። አንዱን ካሴት ለማጥራት ሦስት ቀን ፈጀ። አርባው አራት ወር መሆኑ ነው፤ የኔታ ደግሞ አራት ወር የላቸውም።

እዚህ ላይ ነው እኔ ጥልቅ ያልሁት። መሠረት እባላለሁ፤ በምሠራበት ኮሌጅ አዲስ ሰርቨር ገብቶልናል፤ ስልሳ አራት ኮር። የኮሌጁን ኃላፊ አስፈቀድሁና «ይህን ቅራቅንቦህን ወዲያ በለው» አልሁት። ያንኑ ካሴት በሁለቱም አስጀመርን።

በሦስተኛው ቀን የሱ ጨረሰ። የኔ ግማሽ ቀን ዘግይቶ መጣ። እፍረቴን ምን ልበላችሁ። ለካ ፕሮግራሙ አንድ ካሴት የሚሠራው በአንድ ኮር ብቻ ነው፤ ስልሳ ሦስቱ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የሰርቨር ኮሮች ደግሞ ተጨናንቀው ስለሚኖሩ እንዳይግሉ ቀስ እያሉ ነው የሚሠሩት። አሮጌዎቹ አራቱ ይጣደፋሉ።

እልህ ያዘኝ። ካሴቱን ስልሳ አራት ቦታ ቆራርጬ ለሁሉም አከፋፈልሁና ምሳ ሳይደርስ መልሼ ገጣጠምሁት። እየተንጎራደድሁ የኔታ ዘንድ ወሰድሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ልጄ፣ ማን ነው የሰፋው?»

«ምኑን የኔታ?»

«ድምፄን። እዚህ ላይ አልተነፈስሁም፤ አስተንፍሳችሁኛል። እዚህ ደግሞ ዜማው ሳያርፍ ተቆርጧል።»

ያን ጊዜ መተው ነበረብኝ። እኔ እቴ፤ መገጣጠሚያውን አለሰልሳለሁ ብዬ ሁለት ሳምንት ታገልሁ። ከፍያለው «መሠረት፣ ተይው» ቢለኝም አልሰማሁትም። በመጨረሻ ሲደክመኝ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ቤተ ልሔም እያለሁ» አለኝ፣ «አንድ ተማሪ ለሁለት መምህር አይከፈልም ነበር። የኔታ አንዱን ሲያስተምሩ፣ ከፍ ከፍ ያልነው ታናናሾቹን ይዘን በየዛፉ ሥር እንቀመጣለን። ግቢው በድምፅ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ግን የራሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይላል። ካሴቱን አትቁረጪ። አርባውን ካሴት ሙሉ ሙሉውን ለአርባ ኮር ስጪ።»

ሰጠሁ። አንዱም ኮር አልፈጠነም፤ ግን ሁሉም አብረው ስለሠሩ አርባው ካሴት በአራት ቀን ጠርቶ ወጣ። ሰርቨሩን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

የኔታ በቀን ሁለት ሁለት ካሴት ይሰሙ ጀመር። ትክክል ሲሆን ጉልበታቸውን በጣታቸው መታ ያደርጋሉ፤ ከፍያለው ይመዘግባል። በአሥራ ስምንት ቀን ሠላሳ ስድስት ደረሱ።

በማግስቱ ጠዋት ከፍያለው ሠላሳ ሰባተኛውን ከፈተ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ።

«ጀምር እንጂ» አሉ።

ድምፁ ቤቱን ሞልቶት ነበር።

ዓይናቸውን ሲገልጡ እኛን አይተው ገባቸው። እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። ሁለት ቀን ነበር የቀራቸው፤ እኔ በእልሄ ሁለት ሳምንት በልቻለሁ። ከፍያለው አንድ ቃል አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

«አራቱን አንተ ስማልኝ» አሉት የኔታ። «ትክክል ነው ካልህ፣ ትክክል ነው።»

«እኔ እኮ ጥዬዎት የሄድሁ ነኝ» አላቸው።

አልሰሙትም። እሱም ካሴቱን ከመጀመሪያው መለሰው፤ የኔታ ትክክል መሆኑን ከፊቱ ገጽታ ለማወቅ ወንበራቸውን ጎትተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።