ገላጋይ ያጣ ጠብ

ጸደይ ሲመጣ ስቶክሆልም ውስጥ ጀልባ ያለው ሁሉ ጀልባውን ገልብጦ ይቀባል፤ እኔም በሐይቁ ዳር ሳልፍ የዝገት መከላከያው ቀይ ቀለም ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ የልጅ ልጆች ያሉኝ አሮጊት መሆኔን ረስቼ፣ አባባ ከሥራ ውሎ በሩን ከፍቶ የገባ ይመስለኛል። ምህንድስና ሊማር ከኢትዮጵያ መጥቶ፣ ተምሮ ጨርሶ፣ የጦር መርከብ በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ቀኑን ሙሉ በመርከብ ሆድ ውስጥ እየተሽሎከለከ ብየዳ ሲመረምር ይውልና ማታ ሃግሴትራ ወዳለው አዲስ ፎቅ ቤታችን ያንን ሽታ ይዞ ይመጣ ነበር።

ቤት ውስጥ አራት ነበርን፤ አባባ፣ እማዬ፣ እኔና የእማዬ ታናሽ ወንድም ጌታሁን። አጎቴ ዩኒቨርሲቲ ይማር፣ ማታ ማታ ሳሎኑ ሶፋ ላይ ይተኛ ነበር። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደገችው እሷ ስለነበረች ለእማዬ ወንድምም ልጅም ነው። ባሏንም ነፍሷን እስክትስት ትወደው ነበር። ከሁለቱ አንዱን የምታጣበት ቀን እንዳይመጣ አጥብቃ ትፈራ ነበር፤ በመንግሥት መርከብ ምክንያት ይመጣል ብላ ግን በሕልሟም አላሰበችም።

በስድሳዎቹ አጋማሽ፣ በአንድ የብርድ ወራት፣ አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ መርከብ ነበር። መንግሥት ለባሕር ኃይሉ አዳዲስ መርከቦች ያሠራ ወይስ ገንዘቡን ለሌላ ያውለው የሚለው ክርክር ሪክስዳግ በሚባለው ፓርላማቸው፣ በሬዲዮ፣ በጋዜጣ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ በቱነልባና ሳይቀር ይሰማ ነበር። ስዊድኖቹ ተከራክረው ሲያበቁ ኮታቸውን ለብሰው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ የእኛ ቤት ክርክር ግን ሳህን ይሰብር ነበር።

«ጋሼ፣ ሪክስዳጉ ይህን ካጸደቀ ትልቅ ነውር ነው» ይላል አጎቴ፣ ገና ሾርባው ሳይበርድ። «ስንቱ የሚበላው አጥቶ ሲያልቅ እርስዎ የመድፍ ማስቀመጫ ያስበይዳሉ።»

«የምትተኛበትን ሶፋ የገዛው ያ መድፍ ነው» ይላል አባባ። «ሥራው ከቆመ መጀመሪያ የሚባረረው የውጭ አገር ሰው ነው። ያኔ ሚስቴንና ልጄን አንተ ትቀልባለህ?»

ከዚያ ጠረጴዛው ይደበደባል፣ ወንበር ይገለበጣል። አንድ ቀን አባባ ሬዲዮውን አንስቶ ከግድግዳ ጋር አላተመው፤ ሌላ ቀን አጎቴ የኩሽናውን በር መስተዋት በቡጢ ሰብሮ ደሙ የቤት ሥራዬ ላይ ተንጠባጠበ። እማዬ እጆቿን ዘርግታ መሃል ትገባና «በማርያም! እኔን አፈር ያድርገኝ!» ትላለች። ሁለቱም «ልቀቂኝ!» ይሏታል፤ የያዘቻቸው ግን በእጅጌያቸው ጫፍ ብቻ ነበር። ባደጉበት ሰፈር ሁለት ሰው ሲጣላ ባለሱቁም መንገደኛውም እየሮጠ መሃል ስለሚገባ፣ ተጣዪው እንደሚያዝ እያወቀ እንደ ልቡ ይፎክራል፣ የሰነዘረውም ቡጢ ብዙውን ጊዜ ሳያርፍ ይቀራል። ሁለቱም ጠብን የሚያውቁት እንደዚያ ነው።

በረዶው ቀልጦ ጸደይ ሲገባ፣ የፋብሪካው ሠራተኞች መርከቦቹ እንዲሠሩ መሃል ከተማ ሰልፍ ወጡ። አባባ ጓደኞቹ ጠርተውት፣ እኛንም እንደ ዓውደ ዓመት አልብሶ ይዞን ሄደ። ማዶ ተማሪዎቹ «መርከብ ሳይሆን ዳቦ» የሚል ሰሌዳ በረጃጅም ዱላ ላይ ቸንክረው ቆመዋል፤ ከፊት አጎቴ አለ። እማዬ ገና አላየችውም፤ አይስክሬም ልትገዛልኝ ወደ አደባባዩ ጥግ እየወሰደችኝ ነበር።

አጎቴ አባባን ሲያየው «አንተ የነፍሰ ገዳይ አሽከር!» ብሎ ጮኸ። አንቱታው ያን ቀን ቀረ። አባባ ኮቱን አውልቆ ወረወረና «ልቀቁኝ! ዛሬ አንላቀቅም!» እያለ ተንደረደረ። ማንም አልያዘውም። ስዊድኖቹ በሰው ጉዳይ መግባት በእነሱ ዘንድ ነውር ነውና፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ግራና ቀኝ ፈቀቅ ብለው መንገድ ከፈቱለት። አባባ መሃል ላይ ሲደርስ ዘወር ዘወር ብሎ ሲያይ አየሁት፤ የሚይዘውን እጅ ይፈልግ ነበር። ሲያጣ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ምን ብሎ ይመለስ? አጎቴን አፍንጫው ላይ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማኝ። አጎቴ ደሙን እየተፋ ተነስቶ የሰሌዳውን ዱላ በሁለት እጁ ከፍ አደረገ።

እማዬ እጄን ለቃ ሮጠች፤ እኔ «ስሉታ! ስሉታ!» እያልኩ በስዊድንኛ ተዉ ስል፣ እሷ እንደ ቤቷ እጆቿን ዘርግታ መሃል ገባች። «ጌታሁን! በማርያም!» አለች። ዱላው ግን መውረድ ጀምሯል። ሚስማሩ ግራ ዓይኗን አገኘው።

ፖሊሱ ማን እንደመታት ሲጠይቃት፣ ደሙ በጣቶቿ መሃል እየወረደ፣ «ወደቅኩ» አለችው። ሁለቱ አጠገቧ እንደ ግንድ ደርቀው ቆመው ነበር።

በጋውን ዓይኗ በፋሻ እንደተሸፈነ አሳለፈች፤ ብርሃኑ አልተመለሰም። አጎቴ ሻንጣውን ይዞ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሄሰልቢ የሚባል ሰፈር ገባ። ከእኛ ጋር ያው አንድ የባቡር መስመር ነው፤ ሳይወርዱ ቢቀመጡ ይደረሳል። እማዬ ሁለቱንም ገና ሐኪም ቤት ሳለች ይቅር ብላለች፤ የምትለምነው እርስ በርሳቸው እንዲታረቁ ነበር። አባባ «ዓይንሽን ያጠፋው እሱ ነው፣ ሽማግሌ ይላክብኝ» ይላል፤ አጎቴ «መጀመሪያ የመታው እሱ ነው፣ እሱ ይላክብኝ» ይላል። ሽማግሌ ከየት ይምጣ? በከተማው ከእኛ ሌላ ያሉት ኢትዮጵያውያን ጥቂት ተማሪዎች ናቸው፤ በዕድሜ ትልቁ አባባ ራሱ ነው። እማዬ ቢጨንቃት ሁለት ተማሪዎች ከረባት አስራ ላከችበት። አባባም «ጢም ያላወጣ ነው እኔን የሚዳኝ?» ብሎ ከደረጃው ላይ መለሳቸው።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሪክስዳጉ መርከቦቹን አጸደቀ። አባባ ሥራው ስለተረፈለት ደስ ብሎት ኬክ ገዝቶ ገባ። እማዬ ኬኩን ከነሳህኑ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ከዚያ በፊትም በኋላም ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። አባባ ተንበርክኮ ስባሪውን ለቀመ፤ ወደ ሄሰልቢ ግን አልሄደም።

ዛሬም ስለ አዳዲስ መርከቦች ክርክር አለ፤ ልጆቼ በቴሌቪዥን እያዩ በስዊድንኛ ቀስ ብለው ይከራከራሉ፣ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። ያኔ ተማሪ የነበሩት የእኛ ሰዎች ጡረታ ወጥተው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ሲኖር ሦስት አራት ሆነው ይሄዳሉ። ከእነሱ ሁሉ አስታራቂነቱ የሚመሰገነው አጎቴ ጌታሁን ነው። አባባ ከሞተ ቆየ፤ እማዬም ተከተለችው። ያኔ አባባና አጎቴ ሁለቱም በሕይወት ሳሉ የሚያስታርቅ አጣን፤ ዛሬ አስታራቂው ሞልቶ የሚታረቀው የለም።