ጓያ የሌለበት የጓያ ጥናት

የባቄላ ሽሮ ቀረበልኝ፣ በላሁ፣ ፎርሙ ላይም «ባቄላ» ብዬ ጻፍኩ። የጥፋቴ ሁሉ መጀመሪያ ይቺ ናት። እንዳትስቁብኝ። ወረኢሉ ተወልጄ፣ መካነ ሰላም ላይ ስምንት ዓመት ሙሉ የጤና ተማሪዎችን ሳስተምር ኖሬ፣ የወሎ ሰው ለእንግዳ የሚያቀርበውንና ራሱ የሚበላውን መለየት አቃተኝ።

ጥናቱ ስለ እግር ነበር። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቅበት በኩል፣ አንዲት ቀበሌ ውስጥ የወጣት እግር እየደረቀ ነው የሚል ወሬ ከተማሪዎቼ ሰማሁ። ትኩሳት የለ፣ አደጋ የለ፤ አንድ ጠዋት ጉልበት እሺ አይልም። ከዚያ ተረከዝ መሬት መንካት ይተዋል፤ ሰውየው በጣቶቹ እየረገጠ፣ ጉልበት ከጉልበት እየተላተመበት፣ በምርኩዝ ይሄዳል። አገሬው ለዚህ ስም አለው፤ «ጓያ ሰበረው» ይላል። ጓያ ዝናብ ሲቀር የማይቀር እህል ነው። ሌላው አዝመራ ሲከዳ እሱ ይቆማል፣ ስለዚህ በክፉ ዘመን የድሃ ቤት ወራት ሙሉ ጓያ ብቻ ይበላል። ውስጡ ያለው መርዝ ነርቭ ይጎዳል። አንዴ የተሰበረ እግር ደግሞ አይመለስም፤ መድኃኒት የለውም። ያለው መላ ሳይሰብር መቅደም ነው። ጓያውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከገብስ መቀላቀል፣ ከሁሉም በላይ ሌላ እህል ማግኘት።

እና ግንቦት ላይ ወረቀቴን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። በየደጁ «ግቢ፣ ኧረ በአላህ ግቢ!» ነው። ሰሞኑን ምን በላችሁ ስላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎደለን» ይሉኛል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መልሱ አንድ ነው። ወዲያው እንጀራ በሽሮ ይቀርባል። ታዲያ እኔ የሰው ማዕድ ላይ ቁጭ ብዬ «እናንተስ የምትበሉት ይሄንኑ ነው?» ልበል? እናቴ ከመቃብሯ ተነስታ በጥፊ ታጠናግረኝ ነበር። የቀረበልኝን በላሁ፣ የበላሁትን ጻፍኩ፣ ከሥሩ ፈረምኩ። ባቄላ፣ ባቄላ፣ ባቄላ። በዚያ መንደር ጓያ የሚባል ነገር በአፍ የገባበት ቤት አልተገኘም።

ወደ ከተማ ልመለስ ስል ምንጭ ዳር አንዲት ውሃ የምትቀዳ ሴት አየችኝና ሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣ ቋቴን አራገፍሽብኝ እኮ!»

«ምን አድርጌ?»

«የእኔ ልጅ ጂዳ ስለሆነች ባቄላ ያለው እኔ ቤት ነው። አንቺ በገባሽበት ሁሉ በጓሮ እየመጡ አንድ ጣሳ ሽሮ ስጪን ይሉኛል። ለእንግዳ ጓያ ይቀርባል እንዴ? አንቺ ወሎዬ አይደለሽም?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለካ እኔ ስበላ የከረምኩት የአንዲት ሴት ሽሮ ነው፤ እየዞርኩ የመዘገብኩት እሱኑ ነው። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስሳደብ ወጣሁ።

ሰኔ ላይ ተመለስኩ። አሁን ምን በላችሁ ማለቱን ትቼ፣ መጀመሪያ ከባለ ባቄላዋ ዘንድ ሄጄ ማን ማን ሽሮ እንደወሰደ ጠየቅኳት። እሷ የነገረችኝን ቤት ሁሉ ገብቼ፣ ማዕድ ሳይቀርብ በፊት «የእንግዳውን ተዉት፣ የቤቱን ስጡኝ» አልኩ። ባለጌ ሆንኩ፣ ግን እውነቱ ወጣ። የጓያ ቂጣ፣ የጓያ ንፍሮ፣ የጓያ ሽሮ። ከየቤቱ ናሙና ወሰድኩ።

ከነዚህ ቤቶች አንደኛው ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው። የሃያ ዓመት ወንድ ልጇ ባለፈው ዓመት ተሰብሮ በሁለት ምርኩዝ ይሄዳል። ታናሽ እህቱ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ያን ቀን ጥጃ እያባረረች ድንጋዩን እየዘለለች ነበር። እናትየዋ ጎታዋን ከፍታ አሳየችኝ፤ ከጓያ ሌላ አንድ ፍሬ የለበትም። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ።

«ወንዱስ የሆነው ሆነ፣ አላህ ያለው ነው። ይቺኛዋስ ልጄ? ይቺን እንዴት አድርጌ ላትርፋት?»

ዘፍዝፈው ያሳድሩት፣ ውሃውን ይድፉት፣ ሲቀቅሉም የመጀመሪያውን ውሃ ይድፉት፣ ከተገኘ ገብስ ይቀላቅሉበት አልኳት። ምንጩ ሩቅ ነው፣ እንጨቱም ጭንቅ ነው አለች። መልሳ ግን «አንቺ ካልሽ ወላሂ አደርገዋለሁ» አለችኝ። እኔም አፌ አያርፍ! «እኔ ደግሞ ለበላዮቹ እጽፋለሁ፣ እህል ይመጣል» አልኳት። ያልተጠየቅኩትን ቃል ገባሁ።

ናሙናው ተመረመረ። ያገኘሁት የጠረጠርኩትን ነው። ክረምቱ ሳይገፋ ይድረስ ብዬ እየተጣደፍኩ ጻፍኩት፤ ርዕሱ ላይ ጓያ፣ ውስጡ ጓያ፣ ምክሩ ላይ ጓያ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አለቃዬ አስጠራኝ። አብረን የተማርን ሰው ነው፤ ፈተና ላይ ከእኔ ሲገለብጥ ነው የማውቀው። ቢሮው ስገባ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። «ከበላይ አካል ናቸው» አለኝ። የትኛው በላይ እንደሆነ አልተነገረኝም፤ እዚህ አገር በላይ ብዙ ነው።

«ዶክተር» አሉኝ ሰውየው። ዶክተር አይደለሁም። «ጥናቱ ግሩም ነው። ይቺ ጓያ የምትባለው ነገር ብቻ ወቅቱን ያገናዘበች አይደለችም።»

«ጓያ ወቅት አያውቅም፣ ጌታዬ» አልኩ።

«አካባቢው ዘንድሮ ትርፍ አምራች ተብሎ ሪፖርት ተልኳል። ሰው ጓያ ብቻ በላ ማለት ተራበ ማለት ነው። ተራበ ከተባለ፣ ያን ሪፖርት ማን ጻፈው ይባላል። ገጽታም አለ። ስለዚህ አቅጣጫ ወርዷል።»

«በጣቱ የሚሄደው ልጅስ? አቅጣጫ ሲወርድለት ይቀናለታል?»

አለቃዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን መታኝ። ሰውየው ግን አልተቆጡም፤ ቦርሳቸውን ከፍተው የግንቦቱን ፎርሞች አወጡ። አንድ ሁለቱን አገላብጠው ወደ እኔ ገፉልኝ።

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የእኔ።»

«ምን ይላል?»

«ባቄላ።»

«ታዲያ ራስዎ የጻፉትን ራስዎ ያፈርሳሉ?»

አስረዳሁ። ለእንግዳ ጓያ እንደማይቀርብ፣ ሽሮው ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደተሸወድኩ፣ ሁሉንም። እሳቸው ራሳቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ ፈገግ ብለው ሰሙኝ።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ባህል ግን ማስረጃ አይሆንም፣ ዶክተር።»

ከወጡ በኋላ ከአለቃዬ ጋር ተፋጠጥን። «ምነው አንቺ ሴት፣ ልታስበይኝ ነው?» አለ። «ጓያ ያልሽውን 'ምክንያቱ ገና ያልታወቀ የእግር መድረቅ' በይውና ይለፍ። የሚመጣው ዓመት ታስተካክይዋለሽ። እምቢ ካልሽ ጥናቱ ይዘጋል፣ ናሙናው ይታሸጋል፣ አንቺንም የት እንደሚወረውሩሽ እኔ አላውቅም።»

«እሺ ምክሩስ? ዘፍዝፉ የሚለው እንኳ ይቆይልኝ።»

«ምክንያቱ ካልታወቀ ምኑን ነው የሚዘፈዝፉት?»

ውሸቱ አንዴ ከገባ ሌላውን ሁሉ በሥርዓት ያስወጣል። ከቢሮው እስከ ግቢው በር፣ ከበሩ እስከ ቢሮው ተመላለስኩ፤ ዘበኛው «መምህርት፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። ሁለት ልጆቼ እዚሁ ነው የሚማሩት። ባሌ ሥራ ከፈታ ዓመቱ ነው። ፈራሁ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም፣ ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም አልኩ። ያቺ እናት እንደሆነ ከአፌ ሰምታለች፣ የወረቀቱ ነገር እሷ ዘንድ ምን ያደርጋል አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ጎበዝ ነው! ተመልሼ ገብቼ ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ቁጭ ያልኩባቸው አይደሉም። ክፍል ውስጥ ከጥቁር ሰሌዳው እስከ መስኮቱ እንደ ታሰረ ፈረስ ስንቆራጠጥ ተማሪዎቼ አንገታቸው ዞረ። ቤት ምግብ ቀርቦልኝ ቆሜ እበላለሁ። ባሌ «ኧረ በሞቴ አንዴ ተቀመጪ» ሲለኝ እቆጣዋለሁ፤ እሱ ምን በደለኝ? መሄድ ፈለግኩ፤ ክረምቱ መንገዱን አበላሸው። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ በሌላ ምክንያት መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ። መነኸሪያ እየሄድኩ «ዛሬስ?» እላለሁ፤ «ዛሬም የለም» ይሉኛል። አንድ ቀን ረዳቱ «እሜቴ፣ ሙሽራ ጠፍቶብሽ ነው?» ብሎ አሾፈብኝ፤ ያልሰደብኩት ስድብ የለም፣ በኋላ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ተከፈተ። እስከ መንገዱ ጫፍ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ ወረድኩ። እናትየዋ ከሩቅ አይታኝ ሮጣ መጣች፤ ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ።

«አላህ ይስጥሽ! ከዚያ ሁሉ እንጨትና ውሃ የገላገልሽኝ ልጄ!»

«ከምኑ ነው የገላገልኩዎት?»

«ከመዘፍዘፉ ነዋ! ነሐሴ ላይ ስብሰባ ጠሩን። ጥናት ተጠንቷል፣ ጓያ አይደለም፣ ምክንያቱ አይታወቅም፣ በጓያ የሚያስፈራራችሁን አትስሙ አሉ። እኔ ግን ዝም አላልኩም፤ እጄን አውጥቼ ማን አጠናው አልኩ። ያቺ ሰኔ ላይ የመጣችው መምህርት ናት አሉኝ። አላመንኩም። ወረቀቱን አምጡ አልኩ። ወንዱ ልጄ ስምሽን አነበበልኝ፣ ፊርማሽንም አሳየኝ። እሷ ካለችማ እሷ አትዋሽም አልኩና ከዚያ ወዲያ መዘፍዘፉን ተውኩት።»

የተበላሸው ወረቀት ብቻ መስሎኝ ነበር። በዚያ ቀበሌ አንድ ሰው ተነስቶ ማስረጃ የጠየቀው እሷ ናት፣ የታየው ማስረጃ ደግሞ እኔ ነኝ።

«እናቴ፣ ዋሽቻለሁ» አልኳት። ሌላ የማለሳለሻ ቃል አልመጣልኝም። «ጓያው ነው። በደንብ አውቅ ነበር። አስፈራሩኝና ፈረምኩ።»

እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሳች። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበችው።

«ፈርተሽ?»

«አዎ።»

«እኔ ብፈራ ያምርብኛል፣ መሃይም ነኝ። አንቺ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለምን ኖሯል?»

ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ በወደድኩ። ጭራሽ ረስታ ይሁን ልማድ ሆኖባት፣ ወደ ቤት ዞራ «ነይ እስቲ፣ ለእንግዳ ውሃ አምጪ» ብላ ተጣራች።

ልጅቷ ጣሳ ይዛ ከበሩ ወጣች። አራት እርምጃ ስትራመድ ገባኝ። በጣቶቿ ነው የምትረግጠው፤ ውሃው ከጣሳው እየፈሰሰ ቀሚሷን ያረጥበዋል። «ጠዋት ጠዋት እግሬን ያዘኝ ትላለች» አለች እናትየዋ፣ ድምጿ እየወረደ። «ብርድ ነው ብያት ነበር።»

አጎነበስኩና ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩ። «ተረከዝሽን መሬት አስነኪልኝ እስቲ፣ የእኔ እናት» አልኳት።

«እምቢ አለኝ» አለችኝ፣ እየሳቀች።

በማግስቱ ጓያ የሚለውን ቃል በየቦታው መልሼ አስገባሁና ሪፖርቱን ለማውቀውም ለማላውቀውም መሥሪያ ቤት ሁሉ ላክሁት። በሳምንቱ የእገዳ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አሁን የማስተምረው ክፍል የለኝም፣ ከቤት ደጅ መንቆራጠጥ ነው ሥራዬ። ወደዚያ ቀበሌ እህል ተጭኖ ሲወርድ አይቻለሁ፣ ውሸት አልናገርም፤ ከእኔ ወረቀት ይሁን ከሌላ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ወርጄ ነበር። ልጅቷን እናቷ በሁለት እጇ ደግፋ ወደ ደጅ ስታወጣት ደረስኩ፤ ወንድሟ ከሁለቱ ምርኩዞቹ አንዱን ሰጥቷታል።