የጋሼ ዓምዴ መስቀል

ዓምደሚካኤል ጳጳስ ነው ሲባል ላስ ቬጋስ ያለ ሐበሻ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «ሚስት አለው አይደል እንዴ?» ይላል። አለው፤ ሊሊ ትባላለች። የእኛ ጳጳስ መነኩሴ ነው፤ የኤፒስኮፓሎቹ፣ የአሜሪካ አንግሊካኖቹ፣ ግን ያገባል፣ ጢሙን ይላጫል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሪ እየገፋ አስቤዛ ይገዛል። ስለዚህ ፈረንጆቹ «ቢሾፕ» ሲሉት የአገሩ ሰው «ጋሼ ዓምዴ» ብሎት ያልፋል።

ወጣት ሳለ ከሱዳን የስደተኛ መጠለያ ያወጡት እነዚሁ ኤፒስኮፓሎች ናቸው። ቤት ተከራዩለት፣ ካዚኖ ሥራ አስገቡት። እሱም እሁድ ከሺፍት ሲወጣ ለምስጋና ያህል ብቅ ይል ጀመር። ምስጋናው ልማድ፣ ልማዱ እምነት ሆነና ቀሰሰ፤ ኋላም ጰጰሰ። የተሾመው ግን ለመዝጋት ነው ማለት ይቻላል። ምእመኑ አርጅቶ አልቆ፣ ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር ዳር የነበረችውን ቤተ ክርስቲያን በጸሎት ዘግቶ ቁልፉን አስረክቧል። ዛሬ ጂም ሆናለች።

ይህን ችሎታል። ያልቻለው የእናቱን ነው።

እናቱን ወይዘሮ የሻሽወርቅን ከአገር ቤት ያመጣቸው እሱ ነው። ሄንደርሰን ባለው ቤቱ ደህናውን ክፍል ሰጣቸው። ከእጁ ይበላሉ፣ መድኃኒታቸውን ከእጁ ይወስዳሉ። መስቀሉን ግን አንድም ቀን አልተሳለሙም። የፈረንጅ ጳጳስ የእጅ መስቀል አይዝም፤ እሱ የያዘው ለእሳቸው ሲል ነበር።

«ልጄ ነህ፣ እወድሃለሁ። አባቴ ግን አይደለህም» ይሉታል።

አንዴ ብቻ ቢሳለሙለት! ሌላ ምኞት አልቀረውም።

ዘንድሮ የያዛቸው ካንሰር ሲበረታባቸው የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። ቄስ አሳምነው በሳምንቱ ቀናት ታክሲ የሚነዳ ጎልማሳ ነው፤ ጥቁር ቀሚሱን ደርቦ ገባ።

«ጋሼ ዓምዴ፣ ይቅርታ፣ ውጭ ይቆዩልን» አለው። ኑዛዜ ሰው አይሰማውም። ጳጳሱ ከገዛ ቤቱ ክፍል ወጥቶ ጋራዥ ውስጥ ቆመ። ቅናቱ እንደ ቃር አቃጠለው።

ቄሱ ሲጨርስ «የሰው በር ላይ ነው ፓርክ ያደረግኩት፣ መኪናዬን አንስቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ዓምደሚካኤል ገባ። የእናቱ ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ ልብስ እንጂ ፊት አይለዩም። እሱም ከቀብር መመለሱ ስለነበር ጥቁር ቀሚሱን አላወለቀም።

«አባ፣ ተመለሱ?» አሉት።

እኔ ነኝ እማዬ ማለት ነበረበት። አላለም። መስቀሉን አውጥቶ አቀረበላቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባራቸውን አስነኩት፤ ሳሙት፤ ደግመው ሳሙት። የሌባ ደስታ ነበር፤ ግን ደስታ ነበር።

«አባ፣ ለልጄ ይጸልዩልኝ» አሉ መስቀሉን ሳይለቁ። «አብልቶኛል፣ አስታሞኛል፤ ደግ ልጅ ነው። ብቻ በሰማይ የማጣው ይመስለኛል። ተስፋ አለው ይበሉኝ።»

ዓምደሚካኤል አፉን ከፈተ። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ድምፁን ያውቁታል። አፉን መልሶ ገጠመ።

እናቱ ጥቂት ጠበቁ።

«ገባኝ፣ አባ» አሉና መስቀሉን ለቀቁት።