የክርስትና ልጄ የተሾመች ዕለት

እግሬ አንድ ቦታ አርፎ አያውቅም። ለጠበል፣ ለንግሥ፣ ለለቅሶ እያልሁ ከቢቸና ወጥቼ ያልደረስሁበት ደብር የለም። ለሹመት ስሳፈር ግን ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ሞጣ ላይ ሴት አስተዳዳሪ ቃለ መሐላ ልትፈጽም ነው ተባለ። በዚያ ወንበር ከዚያ በፊት ሴት ተቀምጣበት አታውቅም። ሴትዮዋ ደግሞ የክርስትና ልጄ ናት።

«እማማ፣ ዛሬስ ለየትኛው ታቦት ነው?» አለኝ የሚኒባሱ ሹፌር። ያውቀኛል።

«ዛሬስ ለሹመት ነው።»

«ወይ ጉድ! ምን ሆነው ተሾሙ? እንግዲያ ይቺን ኮረኮንች አስፋልት ያድርጉልን!»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጭኔ ላይ ባስቀመጥሁት ዘንቢል ውስጥ ግን ድንጋይ ነበር።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው። የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪለው ድረስ ከጫንቃው አያወርድም። እኔም ያችን ልጅ በድያታለሁ። አራተኛ ክፍል ሳለች አንድ ደህና ቤተሰብ ለልጁ ጠየቃት። አባቷ «ትማርልኝ» ብሎ እምቢ አለ። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁት፣ ትምህርት የት እንደሚያደርስ ያልገባኝ፣ መንገድ ላይ ትጠለፋለች ብዬ ፈራሁ። እግሩ ላይ ወድቄ «በእመቤታችን ይዤሃለሁ፣ ዳራት!» አልሁት። በእመቤታችን የተያዘ ሰው ምን ይላል? ዳራት።

ልጅቱ ወር ሳትቆይ ጠፍታ ሞጣ ገባች። ሰው ቤት እየሠራች ተማረች። ከዚያ ወዲህ ቢቸናን አልረገጠችም፤ አባቷ ሲሞት ለቀብሩ እንኳ አልመጣች። እኔና እሷም ሳንተያይ ኖርን። እንግዲህ ሳልታረቃት እንዳልሞት ነው የሄድሁት።

አዳራሹ በር ላይ ፈታሿ ዘንቢሌን ከፈተችና ደርቃ ቀረች።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነዋ።»

«ድንጋይነቱንማ አየሁት! ለማን ነው?»

«ለአዲሷ አስተዳዳሪ።»

ወዲያው ፖሊሶች ከበቡኝ። በዚህ ዕድሜዬ በድንጋይ ልታሰር! ደግነቱ አንድ ሸበቶ ፖሊስ ገባው።

«ኧረ ተዉ፣ ለእርቅ ነው፤ ይቅርታ ሊጠይቁ ነው የመጡ» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ግን እናቴ፣ ሹም ፊት ድንጋይ ተይዞ ይኬዳል? ይኸ እዚሁ ይቅር» ብሎ አጥሩ ሥር ጣለው። ባዶ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ገባሁ።

ቀኝ እጇን አንሥታ ዳኛው የሚሉትን እየተከተለች ማለች። ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ባልሁት ቢሆን ኖሮ ይህች ሴት ዛሬ የት ትገኝ ነበር?

ሲያበቃ ሰው ተሰልፎ እንኳን ደስ አለሽ ይላት ጀመር። ተራዬ ደረሰ። ገና ስታየኝ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች።

«እማማ! ከቢቸና ድረስ ለእኔ ብለው?»

እጇን እንደያዝሁ አንገቴን ደፋሁ። «ማሪኝ፣ ልጄ።»

«ምን በደሉኝና?»

የምታውቅ መስሎኝ ነበር። ይኸን ሁሉ ዓመት የራቀችኝ በዚያ መስሎኝ ነበር።

«ያስዳርሁሽ እኔ አይደለሁ? አባትሽማ እምቢ ብሎ ነበር። በእመቤታችን ብዬ ይዤው ነው።»

እጇ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። ከኋላዬ አበባ የያዘ ሰውዬ ይገፋኛል።

«አባቴ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ታረቂኝ ብሎ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ አሁን እንደ ልጅነቷ ቀጥኖ። «ሁለት ጊዜ። ስሙን አታንሡብኝ ብዬ ፊት ነሥቼ መለስኋቸው።»

ይኸንን እኔም አላውቅም ነበር። ምነው አፌን በቆረጠው አልሁ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ትለኝ እንደሆነ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አላለችም። የተሰለፈውን ሰው ሁሉ ትታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊቴን ሳታይ፣ «ነገ ቢቸና እመጣለሁ» አለችኝ። «መቃብሩን ያሳዩኛል።»

«አሳይሻለሁ» አልኋት።