«አት»ን የበላው ስልክ

ሆሳዕና ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ፤ ማለትም ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠሩኝ ሰው። የቢሮውን ስልኮች በኢንተርኔት ስልክ የቀየርኩትም እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ የአለቃችን ትእዛዝ ተገልብጦ ይደርስ ጀመር። «ደብዳቤውን አትላኩ» ሲሉ ጸሐፊያችን ትልካለች።

አለቃችን ከሰሜን የመጡ፣ አማርኛን እንደ ርስታቸው የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። «አፏን በሀዲይኛ የፈታች ሴት አማርኛ ከየት ይገባታል!» አሉና ጊምቢቹ ወዳለው መጋዘን እንድትዛወር ወሰኑ። ልጆቿ ግን እዚሁ ነው የሚማሩት። አለቃችን ከእኔ የሚፈልጉት «ስልኩ ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀት ላይ ፊርማ ብቻ ነበር።

ገመድ ቀየርኩ። አጥፍቼ አበራሁ፤ የሙያችን ጸበል እሱ ነው። ወይ ፍንክች! ልፈርም እስክሪብቶ ሳነሳ ጸሐፊዋ፣ «ቆይ ወንድሜ፣ በዚሁ ዓይነት ስልክ የሚደውልልኝ የሺንሺቾው ቅርንጫፍ ኃላፊ ትእዛዝስ ለምን አንድ ቀን እንኳ አልተምታታብኝም?» አለችኝ።

የሺንሺቾው ኃላፊ እንደ እኔው ጴንጤ ነው፤ በሁለት ቃል መሀል «ጌታ ይባረክ» ሳይል አያልፍም። አለቃችን ደግሞ ለክብራቸው ሲሉ በየመሀሉ ያርፋሉ። «ደብዳቤውን…» ብለው ጣራውን ያያሉ፤ ከዚያ «አትላኩ»። ያኔ ክው አልኩ። ተናጋሪው ዝም ሲል ስልኩ ድምፅ መላክ እንዲያቆም ያደረግሁት፣ ኢንተርኔት ልቆጥብ ብዬ፣ እኔ ራሴ ነበርኩ። ስልኩ እስኪነቃ የቃሉን መጀመሪያ ይበላል፤ «አት» ትጠፋና «ላኩ» ይቀራል። በእኔ ጥፋት ስትሰደብ ቆሜ ሳይ ከርሜያለሁ። በጣም አፈርኩ።

ለአለቃችን ብነግራቸው ሳቁብኝ። «እስቲ እዚያው ሆናችሁ ስሙኝ» ብለው በራቸውን ዘግተው ደወሉ። እኛም ስልኩን በስፒከር አደረግነው።

«ይሄን የኮምፒውተር ሰውዬ…» አሉ። አረፉ። «አባርሩት!»

ጸሐፊዋ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «እሺ ጋሼ፤ ደብዳቤውን አሁኑኑ ልጻፍ?» አለቻቸው።

ቀጥሎ ከግድግዳው ማዶ «አላልኩም!» የሚል ጩኸት ሰማን። በስልኩ የደረሰን ግን «አልኩም!» ነበር።

አለቃችን የዝውውሩን ደብዳቤ ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ለሁለት ቀደው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡትና ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ።

«ምን ማለታቸው ነው?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«አትዛወሪም ማለታቸው ነዋ» አለች፣ «አት»ን ረገጥ አድርጋ።